የጓደኛዬ ካሜራ ዓይን ይይዛል፤ የእኔስ?

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ካሜራ መቀየር። ኒኮን የያዘው ሶኒን ያያል። ካኖን የያዘው ኦሊምፐስን ይመኛል። ለዛሬ ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፤ ጠያቂዋ ፎቶዎቿን ጭምር ስለላከች ብዙ የሚባል ነገር አለው።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የማነሳው ሰርግ፣ ምርቃትና ልደት ነው። ካሜራዬ ኒኮን ዲ7200 ነው። ሌንሶቼ 18-140፣ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ዲ እና 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ጂ ናቸው። ፍላሼ ኤስቢ-700 ነው። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ኒኮኗን ሸጣ ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ገዛች። ካሜራው የሙሽራዋን ዓይን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ሲያነሳም ድምፅ የለውም። እሷ ፎቶ መርጣ ስትጨርስ እኔ ገና ብዥ ያሉትን እየጣልኩ ነው። እውነቱን ለመናገር ካሜራዬ አስጠላኝ። ሁሉንም ሸጬ ሶኒ ልግባ? ወይስ እዚያው ኒኮን ሆኜ ዜድ ልግዛ? የተበላሹብኝን ፎቶዎች ልኬልዎታለሁ።

የዲ7200 ባለቤት

መልስ፦

እህቴ፣ ፎቶዎቹን አብረሽ በመላክሽ ጎበዝ ነሽ። ብዙ ሰው «ካሜራዬ አይረባም» ብሎ ይጽፍልኛል፤ ምኑ እንዳልረባ ግን አይነግረኝም። ያንቺን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ፣ መቶ በመቶ አሳድጌ፣ ሴቲንጋቸውን ጭምር አየሁ። ሦስት የተለያዩ ጣጣዎች አሉበት። አንቺ ሦስቱንም ደምረሽ ካሜራው ላይ ጫንሻቸው።

ከጭፈራው እንጀምር። የሙሽራው ፊትና እጅ ተጠራርገዋል፤ ጣቶቹ አይቆጠሩም። ከኋላው ያለው ወንበር ግን እግሩ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ይታያል። ይሄ ምን ማለት ነው? እጅሽ አልተንቀጠቀጠም። ተንቀጥቅጦ ቢሆን ወንበሩም አብሮ ይጠረግ ነበር። ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ክፍት ሆኖ ሳለ ሰውየው ተንቀሳቀሰ፣ አለቀ። ሸተር ስፒዱን አየሁት፤ 1/60 ሰከንድ ነው። ለሚጨፍር ሰው ይሄ በጣም ቀርፋፋ ነው። ካሜራው ለምን 1/60 ላይ ወረደ? አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ሁሉም ፍሬም ላይ 1600 ነው፤ አንዱም ከዚያ አያልፍም። ኦቶ አይኤስኦውን 1600 ላይ ገድበሽዋል ማለት ነው። ካሜራው ብርሃን ሲያጥረው የቀረው አማራጭ ሸተሩን ማዘግየት ብቻ ነበር።

ኖይዝ (አይኤስኦ ሲጨምር ፎቶው ላይ የሚታየው ፍርፍር ነገር) ፈርተሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ኖይዝ በኤዲት ይቀንሳል፤ የተጠረገ እጅ አይመለስም። ገደቡን 6400 አድርጊው። እዚያው ሜኑ ውስጥ ዝቅተኛው ሸተር ስፒድ የሚባል አለ፤ እሱን ለጭፈራ 1/250 አድርጊው። የጓደኛሽን ኤ ሰቨን ስሪ ወስደሽ በ1600 እና በ1/60 ብታነሺ ያው የተጠረገ እጅ ነው የምታገኚው። «ቦዲው ውስጥ ማረጋጊያ አለው» ይሉሽ ይሆናል። አለው። የሚያረጋጋው ግን ያንቺን እጅ እንጂ የሙሽራውን አይደለም።

ፉል ፍሬም (እንደ ጓደኛሽ ያለ፣ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ትልቅ የሆነ ካሜራ) ይረዳኛል ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፣ በልኩ። ሴንሰሩ ካንቺው በስፋት ከሁለት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ጥቅሙ በስቶፕ ሲሰላ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ከአንድ ስቶፕ ትንሽ የሚበልጥ ነው። በግምት እሱ 6400 ላይ የሚያሳየው ኖይዝ ያንቺው 3200 አካባቢ የሚያሳየውን ያህላል። አንቺ ግን እስካሁን ከ1600 አልፈሽ አታውቂም። በእጅሽ ያለውን ሳትጨርሺ ሌላ ልትገዢ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ 85ቷ ላይ ነው። አራቱንም የሙሽራዋን የፊት ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረግኋቸው። የጆሮ ጌጧ ጥርት ብሏል፤ ማቀፊያው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጥርሶች መቁጠር ይቻላል። ሽፋሽፍቷ ግን ለስልሷል። በአራቱም ፎከሱ ያረፈው ከዓይኗ ኋላ ነው። አንዱም ከዓይኗ ፊት አላረፈም። ይሄን ልብ በይ።

በዲ7200 ላይ 85 ሚሊ ሜትርን በኤፍ 1.8፣ ማለትም እስከ መጨረሻው ከፍተሽ፣ ሰውየው 2 ሜትር ላይ ቢቆም፣ ጥርት የሚለው ቦታ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ርቀት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ትንሽ ስህተት ብዙ ያበላሻል። ስህተቱ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው አያያዝሽ ነው፤ መሃለኛዋን ነጥብ ዓይኗ ላይ አድርገሽ፣ ግማሽ ተጭነሽ፣ ከዚያ ካሜራውን አዙረሽ ታነሺያለሽ። ካሜራው ሲዞር ፎከሱም አብሮ ይሸሻል። ዲ7200 እኮ 51 የፎከስ ነጥብ አለው! ዓይኗ ላይ ያለችውን ነጥብ መርጠሽ አንሺ፤ ካሜራውን አታዙሪው።

ሁለተኛው የሌንሱና የቦዲው አለመጣጣም ነው። ዲኤስኤልአርን (እንዳንቺው ውስጡ መስታወት ያለውን ካሜራ) በቪውፋይንደር፣ ዓይንሽን አስጠግተሽ በምታይበት መስኮት፣ ስትጠቀሚ ፎከሱን የሚለካው ፎቶውን የሚያነሳው ሴንሰር አይደለም፤ ታች የተቀመጠ ሌላ መለኪያ ነው። ሁለቱ በጥቂቱ ሲለያዩ ፎከሱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይሳሳታል፤ ያንቺው አራቱም ወደ ኋላ እንደሄዱት። እኔ ይሄኛውን ነው የምጠረጥረው።

ለማወቅ ቀላል ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጊ። ጽሑፍ ያለበት ካርቶን 2 ሜትር ላይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚ። 85ቷን በ1.8 ክፈቺ። መጀመሪያ በላይቭ ቪው (በኋላው ስክሪን እያየሽ) ፎከስ አድርገሽ አንሺ፤ ይሄ በራሱ በሴንሰሩ ስለሚለካ ልኩ እሱ ነው። ቀጥሎ በቪውፋይንደር አንሺ። በየመሃሉ የፎከስ ቀለበቱን አዛብተሽ ደጋግሚው። የላይቭ ቪው ፎቶዎች ጠርተው የቪውፋይንደሮቹ ሁሉም ከደበዘዙ ነገሩ ተገኘ። ሴትአፕ ሜኑ ውስጥ ኤኤፍ ፋይን ቲዩን የሚባል አለ፤ ከ-20 እስከ +20 ይሄዳል። ያንቺው ከዓይን ኋላ ስለሚያርፍ ወደ ማይነስ ነው የምትሄጂው። በ5 ጀምሪና እያነሳሽ አስተካክዪ። ሻይ እስኪፈላ ባያልቅ፣ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያልቃል። ካሜራው ሴቲንጉን ለዚያች ሌንስ ብቻ ያስቀምጠዋል፤ ሌሎቹ አይነኩም።

ሦስተኛው ጣጣ ግን እውነተኛ ነው። ሙሽሮቹ ወደ አንቺ እየሄዱ፣ እሷ ከፍሬሙ ዳር ሆና የምትስቅበት ተከታታይ ፎቶ። አንዱ ጠርቷል፣ ሦስቱ ሳቱ፣ አንዱ ላይ ካሜራው ኋላ ያለውን መጋረጃ ያዘ። እዚህ ላይ የጓደኛሽ ካሜራ ይበልጥሻል፤ ምንም ማስተባበያ የለኝም። ሶኒ በ2019 በሶፍትዌር ማሻሻያ ኤ ሰቨን ስሪ ላይ የዓይን ፎከሱን አጠናክሮታል። በዚያው ዓመት ኒኮንም ዜድ 6 ላይ ዓይን የሚይዝ ፎከስ ጨምሯል። ሚረርለስ (እንደ ሶኒውና እንደ ኒኮን ዜድ ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) የሚለካው በሴንሰሩ ራሱ ስለሆነ ቅድም ያልነው የማይነስ ፕላስ ጣጣም የለበትም። ዓይን ከፍሬሙ ዳር ሄደ መሃል መጣ፣ ይከተለዋል። አንቺ ሳቅዋን ትጠብቂያለሽ፣ ፎከሱን እሱ ይይዛል። ለመቀየር ምክንያት ካስፈለገሽ ይሄ ነው ምክንያቱ።

ድምፅ አልባው ሸተር ግን አያማልልሽ። ጥሩ ነገር ነው፤ ቃለ መሐላ ሲፈጸም ቀጭ ቀጭ አለማለት ደስ ይላል። ግን አዳራሹ የኤልኢዲ መብራት ካለው ፎቶው ላይ አግድም መስመሮች ሊመጡ ይችላሉ። ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፤ መብራቱ ደግሞ በሰከንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ጓደኛሽን ጠይቂያት፤ የጣለቻቸው ይኖራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ካሜራ ልቀይር» ይባላል እንጂ የሚቀየረው ጓዙ ነው። ቦርሳሽን አልጋ ላይ ዘርግፊውና አንድ በአንድ እዪው።

ዜድ ብትገዢ፣ ኤፍቲዜድ የሚባለው የኒኮን አዳፕተር አለ። 85ቷ በእሱ ላይ ያለ ምንም ችግር ፎከስ ታደርጋለች። 50 ኤፍ 1.8ዲ ግን አታደርግም። ዲ የሚለው ስሟ የድሮዎቹ ዓይነት መሆኗን ነው የሚነግርሽ፤ ሌንሷ ውስጥ ሞተር የለም፣ የሚያዞራት ዲ7200 ውስጥ ያለው ሞተር ነው። አዳፕተሩም ዜዱም ያ ሞተር የላቸውም። በእጅሽ ካልሆነ አትዞርም። 18-140 ትሠራለች፤ ግን የተሠራችው ለትንሹ ሴንሰር ስለሆነ 24 ሜጋፒክስሉ ዜድ 6 ላይ ስትገጥሚያት ካሜራው ዳር ዳሩን ይቆርጥና 10 ሜጋፒክስል አካባቢ ይቀርሻል። ዲ7200 ላይ በዚያችው ሌንስ 24 ሜጋፒክስል ነው የምታነሺው። አዲስ ገዝተሽ ታች ወረድሽ ማለት ነው። ፍላሹ በቲቲኤል (የብርሃኑን መጠን ካሜራው ራሱ እየለካ) ይሠራል፤ በጨለማ ፎከስ የሚረዳው ቀይ መብራቱ ብቻ ሚረርለሱ ላይ አይረዳሽም። ባትሪሽም ይገባል። ግን ዲ7200 በአንድ ቻርጅ 1,110 ፎቶ ተብሎ የተለካ ነው፤ የመጀመሪያው ዜድ 6 ደግሞ 310። በተግባር ሁለቱም ከዚህ በላይ ያነሳሉ፤ ልዩነቱ ግን ልዩነት ነው። ለአንድ ሰርግ ስንት ባትሪ እንደሚያስፈልግሽ ከወዲሁ አስቢ።

ካርድም አለ። ዲ7200 ሁለት ኤስዲ ካርድ ይወስዳል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። የመጀመሪያው ዜድ 6 ማስገቢያው አንድ ነው፣ ያውም ኤክስኪውዲ ለሚባል ሌላ ዓይነት ካርድ። ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገቢበት፤ ሰርግ ዳግም አይነሳም። ሁለተኛው ዜድ 6 ሁለት ማስገቢያ አለው። ዜድ 5ም ሁለት አለው፤ ሁለቱም ኤስዲ ናቸው።

ሶኒ ብትገቢስ? ከዚህ ቦርሳ የሚሻገረው ሜሞሪ ካርዱና የሌንስ መጥረጊያው ነው። የኒኮን ሌንስን ሶኒ ላይ የሚያስገጥሙ የሌሎች አምራቾች አዳፕተሮች አሉ፤ ለሰርግ ግን ፎከሳቸውን አላምነውም። ፍላሹ ሶኒ ላይ ቢቀመጥም የሚበራው በማንዋል ብቻ ነው። ስለዚህ ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ባትሪ፣ ቻርጀር ሁሉም ከዜሮ ነው። ያንቺን ስትሸጪ የሚሰጡሽ ደግሞ ስትገዢው ከከፈልሽው ጋር አይገናኝም፤ በተለይ የዲኤስኤልአር ሌንስ።

ሶኒን እያጣጣልኩ አይደለም። ሶኒ የሌንስ ማያያዣውን መረጃ ለሌሎች አምራቾች የከፈተው በ2011 ነው። ታምሮንና ሲግማ ለሱ ብዙ ሠርተዋል፤ ከሶኒ የራሱ ረከስ ያሉ፣ ብርሃን የሚያስገቡ ዙሞች ታገኛለሽ። የታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ብዙ የሰርግ አንሺዎችን ወደ ሶኒ የሳበ ሌንስ ነው። የኤ ሰቨን ስሪም ባትሪ በቪውፋይንደር 610 ፎቶ ተብሎ ስለሚለካ ከዜዱ ይሻላል። ያለሽ 18-140 ብቻ ቢሆን ኖሮ «ወደፈለግሽው ሂጂ፣ የሚይዝሽ የለም» እልሽ ነበር። የሚይዝሽ 85ቷና ፍላሹ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄን ሱቅ ውስጥ ማንም አይነግርሽም። 85ቷ ዲ7200 ላይ የምታሳይሽ ፉል ፍሬም ላይ 127 ሚሊ ሜትር ያህል የሚያሳየውን ነው። ፉል ፍሬም ላይ ስትገጥሚያት ትሰፋለች። ከ2 ሜትር ታነሺው የነበረውን ፊት በዚያው ልክ ለመሙላት ወደ 1.3 ሜትር መጠጋት አለብሽ። ስትጠጊ ደግሞ የፊቱ ቅርጽ ይለወጣል፤ አፍንጫ ጎላ፣ ጆሮ ሸሸት ይላል። ደንበኞችሽ የወደዱልሽ ያ የተረጋጋ ፊት ከሆነ፣ ፉል ፍሬም ላይ እሱን የምትሰጥሽ 135 ናት። እሷም በጓዙ ላይ ትደመር።

እጅም አለ። እኔ ከካኖን ወደ ኒኮን በተሻገርኩ ጊዜ የዙሙ ቀለበት በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ሌንሱም ሲገጠም እንደዚያው። አእምሮዬ በቀን ገባው፤ እጄ ግን ወራት ፈጀበት። ላቀርብ ስል እያራቅኩ ስንቱ ፎቶ አመለጠኝ። ስለዚህ የሥራ ወቅት ሲጦፍ አይቀየርም። የሰርጉ ሳምንት አዲስ ካሜራ ይዞ መሄድ ዕብደት ነው።

እንግዲህ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን፣ አይኤስኦውን ዛሬ እከፍታለሁ፣ 85ቷን በሳምንቱ መጨረሻ አስተካክላለሁ። ከዚያ የሚቀጥሉትን ሥራዎች በዚሁ እሠራለሁ። የሚጣሉትን ፎቶዎች ግን አልሰርዛቸውም፤ በሦስት ፎልደር እከፍላቸዋለሁ፤ የተጠረጉ፣ ፎከስ የሳቱ፣ እየተንቀሳቀሱ ያመለጡ። ሦስተኛው ፎልደር ብቻ እየሞላ ከሄደ ዜድ እገዛለሁ፤ ሁለት ካርድ ከሚወስዱት አንዱን፣ ከኤፍቲዜድ ጋር። ዲ7200ን አልሸጥም። 50ዋንና 18-140ን እንደያዘ ሁለተኛ ቦዲ ይሆናል። ሙሉ ቀን ሰርግ በአንድ ቦዲ መሥራት ራሱ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ እስካሁን እንዴት እንደቻልሽው አላውቅም።

ሶኒው ካላስተኛሽ ደግሞ ጓደኛሽ ሥራ በሌላት ቀን አውሺኝ በያት። ግን ሱቅ ውስጥ እንደሚደረገው ጠረጴዛ ላይ ያለ አበባ አታንሺ። ልደት ይዘሽው ሂጂ፤ ልጆች የሚሯሯጡበት። ማታ ፋይሎቹን ካንቺው ጋር አስተያዪ። ካሜራው ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ያምራል፤ ኮምፒውተር ላይ ነው ነገሩ።

ጥያቄ፦

ወንድሜ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወፍ ማንሳት ነው ሥራዬ። ያለኝ ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ፎርና ሁለተኛው ኢኤፍ 100-400 ነው። ፎቶው ግሩም ነው፤ ወገቤ ግን እምቢ አለኝ። ልጄ «ሸጠህ ኦሊምፐስ ግዛ፣ ቀላል ነው» ይለኛል። ሴንሰሩ ትንሽ ነው ሲባል እሰማለሁ። ምን ይሉኛል?

ወገቡን የያዘ

መልስ፦

አባቴ፣ ልጅዎ የተናገረው እውነት ነው፤ ግን ሌላ መንገድም አለ። መጀመሪያ በእጅዎ ያለውን እንመዝን። ፋይቭ ዲ ማርክ ፎር ከነባትሪው 890 ግራም ነው። 100-400 የትራይፖድ ማቀፊያው ሳይቆጠር 1,570 ግራም። ሁለቱ አብረው ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይጠጋሉ። ያ ሁሉ ከፊት ተንጠልጥሎ ወገብ ቢጎትት አይገርምም።

ልጅዎ የሚለው ካሜራ ዛሬ ኦሊምፐስ አይባልም። ኩባንያው የካሜራ ክፍሉን ከሸጠው ወዲህ፣ ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው ኦኤም ዲጂታል ሶሉሽንስ በሚባል ድርጅት ነው። በ2022 የወጣው ኦኤም-1 ከነባትሪው 600 ግራም ያህል ነው። ለሱ የተሠራው 100-400 ደግሞ 1,120 ግራም ነው። ሴንሰሩ 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፉል ፍሬም ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ 400ው እንደ 800 ሆኖ ያቀርብልዎታል። ከእርስዎ ካሜራ ጋር ሲተያይ ወደ 700 ግራም ያተርፋሉ። ማለዳ ገና ሳይነጋ ግን ኖይዙ ይበዛል፤ የሴንሰሩ ማነስ እዚያ ላይ ነው የሚታየው።

አሁን ሌላው መንገድ። ክብደቱ ያለው ካኖን የሚለው ስም ላይ አይደለም፤ ሌንሱ ላይ ነው። ካኖን አር7 የሚባለው በ2022 የወጣ ሚረርለስ ከነባትሪው 612 ግራም ነው። የድሮ ሌንስዎ በአዳፕተር ይገጠምለታል፤ ያኔ ግን ያተረፉት ጥቂት ነው። ይልቅ አርኤፍ 100-400 የሚባለውን ቀላሉን ሌንስ ይግጠሙለት። 635 ግራም ብቻ ነው! ሁለቱ አብረው 1.25 ኪሎ፤ የዛሬው ሸክምዎ ግማሽ። ሴንሰሩም ከፉል ፍሬም ስለሚያንስ 400ው እንደ 640 ያቀርባል። ወፍም ለይቶ ፎከስ ይይዛል። ሜኑው የለመዱት የካኖን ነው።

ጉድለቱን ልንገርዎ። ሌንሱ 400 ላይ ኤፍ 8 ነው፤ የእርስዎ ኤፍ 5.6 ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ጫካ ውስጥ ይጨልምብዎታል። ዝናብ መከላከያም የለውም፤ ኦኤም-1 ግን ከሌንሱ ጋር ጠብታ አይፈራም። አር7 ላይ ኤሌክትሮኒክ ሸተር ከተጠቀሙ የሚበር ወፍ ክንፉ ተጣሞ ሊመጣ ይችላል፤ በሜካኒካሉ ያንሱ፣ በሰከንድ 15 ፍሬም ይበቃል። እንግዲህ የሚያነሱት በጠራ ቀን ከሆነ ካኖን ጋ ይቆዩ። ዝናብና ጭቃ ውስጥ የሚገቡ ከሆነ የልጅዎን ይስሙ። የድሮውን 100-400 ግን አዲሱን በደንብ ሳይሞክሩ አይሽጡት። ወገብ የማይጠይቅ፣ ከመኪና መስኮት የሚነሳ ወፍም አለ።

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ። ካኖን ኤም 50 አለኝ፤ ከ22 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 እና ከ15-45 ጋር። ካኖን ይሄን መስመር አቁሟል አሉኝ። ሌንሶቼን በአዳፕተር ወደ አዲሶቹ አር ካሜራዎች ማሻገር ይቻላል? ወይስ ዋጋ ሳያጡ ቶሎ ልሽጣቸው?

ኤም 50 የያዝኩት

መልስ፦

አይቻልም ወንድሜ። አዳፕተር ሌንሱንና ሴንሰሩን የሚያራርቅ ቀለበት ነው፤ የሚያቀራርብ ቀለበት የለም። ያንተ ካሜራ ከሌንስ ማያያዣው እስከ ሴንሰሩ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሩ 20 ነው። ሌንስህ ሁለት ሚሊ ሜትር ካሜራው ውስጥ ገብታ መቀመጥ ነበረባት።

ካኖን ይሄን ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም። በ1987 ኢኤፍ የሚባለውን አዲስ ማያያዣ ሲያወጣ የድሮዎቹ ኤፍዲ ሌንሶች ርቀታቸው 42 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አዲሱ 44 ሆነ። ያው ሁለት ሚሊ ሜትር! ቦርሳ ሙሉ ኤፍዲ ሌንስ የነበራቸው ባለሙያዎች ክፉኛ ተቆጥተው ነበር። ኒኮን በአንጻሩ በ1959 የጀመረውን ኤፍ ማያያዣ ዲጂታል ዘመን ድረስ ይዞት መጣ። ግን ያ ሁሉ ሆኖ ካኖን በአዲሱ ማያያዣ ፈጣን ፎከስ ሠርቶ የስፖርት ሜዳውን ያዘው።

ካሜራህ ምርቱ መቆሙን አያውቅም። እስኪሰበር ያነሳልሃል። 22ቷን አትሽጣት፤ በዚያ መጠንና በዚያ ብርሃን ምትክ ማግኘት ከባድ ነው፣ ስትሸጣትም የሚሰጡህ አያስደስትህም። ባትሪው ኤልፒ-ኢ12 ነው፤ ገበያ ላይ እያለ ኦሪጅናሉን አንድ ሁለት ያዝ። ተጨማሪ ሌንስ ካማረህ ደግሞ ለኤም የተሠራ አትግዛ። ኢኤፍ ወይም ኢኤፍ-ኤስ የሚል ግዛ፤ ዛሬ በአንዱ አዳፕተር ኤም 50 ላይ፣ ነገ በሌላው አዳፕተር አር ላይ ይገጠምልሃል።